በአፍ የተቆጠሩት ከብቶች

ጂንካ፣ ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአስቻለች፣

ቆላው እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሩፋኤል በአይሱዙው አምጥቶ ከሰጠኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱ የዘገየው ስላልተጨነቅሁልሽ አይደለም፤ የላክሽው የሰንበሌጥ ከብት ማድለቢያ አክሲዮን ማኅበር ሪፖርት ሠላሳ አራት ገጽ ስለሆነና ዓይኔ ከአምስት ገጽ በላይ ስለማይቀበል ነው። በስልክ ልንገርሽ ብዬ ነበር፤ የቱርሚ ኔትወርክ ሁለት ቃል አድርሶ ሦስተኛውን ይውጠዋል። ቁጥር ደግሞ እየተቆራረጠ አይነገርም።

ጥያቄሽ ቀላል አይደለም። ነፍሱን ይማረውና ባልሽ ወንድሜ ኤልያስና አንቺ ላባችሁን ያፈሰሳችሁበትን ሆቴል ሸጠሽ ገንዘቡን በሙሉ ለአክሲዮን ልታውዪው ነው። “ሠላሳ ዓመት በሂሳብ ሹምነት ኖረዋል፣ አንብበው ቁርጡን ይንገሩኝ” ብለሻል። አይ አስቻለች፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የተረፈኝ እኮ ይኸው የጀርባ ሕመም ነው።

ሪፖርቱ ሽፋኑ ላይ የተሣለው በሬ እጅግ ያማረ ነው። እኔ ግን ሪፖርት የማነበው ከኋላ ነው፤ ሰው የሚያፍርበትን ነገር መጨረሻ ገጽ ላይ ስለሚያስቀምጥ። የትርፍና ኪሳራ መግለጫቸው አምና ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብር አተረፍን ይላል። የጥሬ ገንዘብ መግለጫቸው ደግሞ ከሥራው የገባው ከወጣው በአንድ ሚሊዮን መቶ ሺህ ብር ያንሳል ይላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ጓሮሽ ያለችው ላም ወለደች እንበል። ጥጃዋን አልሸጥሽም፤ ሀብትሽ ግን ጨምሯል። ይህ በሂሳብ ትርፍ ይባላል፤ ገበያ ወጥተሽ ግን ሽሮ አትገዢበትም።

እንግዲህ የነሱ ትርፍ ተሸጦ ኪስ የገባ አይደለም፤ ለሐመር እረኞች በአደራ የሰጡት ከብት በዛ ተብሎ የተጻፈ ነው። ሰኔ 30 ቀን ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ከብት ነበረን ይላሉ። ኦዲተሩም ከሥር በደቃቅ ፊደል “ቁጥሩን ከማኅበሩ ተቀብለናል” ብሎ እጁን ታጥቧል። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ትርፉ ትክክል ነው። ቆጠራው ደግሞ ደህና ቆጠራ ነው፣ በዚህ በኩል ልብሽ ይረፍ። እንዴት አወቁ ብለሽ አትድከሚ።

ለማንኛውም አትቸኩዪ። የሆቴሉን የዓመት ገቢና ወጪ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ጋሼ ተሰማ


ቱርሚ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተሰማ፣

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ቅባቱን በሩፋኤል እጅ ልኬያለሁ፤ ማታ ማታ አሽተው በጨርቅ ይጠቅልሉት። የሆቴሉ ሂሳብ ከዚህ ጋር አለ። ደብተሩ ዘይት ነክቶታል፣ ይቅርታ።

አትቸኩዪ ይሉኛል። ጋሼ፣ እኔ እኮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልቸኮልኩም! ትናንት ዐሥራ አንድ ሾፌር አደረብኝ። ውሃ የምታመጣው መኪና ተበላሽታ በጄሪካን ከወንዝ አሸዋ ተቆፍሮ የተቀዳ ውሃ ስገዛ ዋልኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ሾፌር ተነሥቶ ፍርፍር አምጪ አለኝ፤ ተነሥቼ ሠራሁለት። እግሬ ከቀትር በኋላ ጫማ አያስገባም። ኤልያስ እያለ ቢያንስ የሚያማክረኝ ሰው ነበረኝ። አሁን ከሰል ሲያልቅ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ ሀብታም መሆን አልፈለግሁም። ጂንካ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ ምሳ ምን ይሠራ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሳይኖር መቀመጥ ነው የምፈልገው። ይህን ለሰው ስናገር ያሳፍረኛል፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው። ወንድሙ የሚባል የካኮ ነጋዴ ለሆቴሉ አራት መቶ ሃያ ሺህ ብር ዋጋ ሰጥቶኛል። እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ በኋላ አይጠብቅም።

ስለ ላሟ የነገሩኝ ገብቶኛል። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ያ ትርፍ ሽሮ የማይገዛ ከሆነ፣ አምና ለባለ አክሲዮኖች በመቶ ዐሥራ አምስት እያሰቡ ያከፋፈሉት ጥሬ ብር ከየት መጣ? ጥጃ ቆርሰው አልሰጡ መቼም!

ደግሞ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ኤርጎን ያውቁታል፣ ለኤልያስ ቀብር በሬ ነድቶ የመጣው የሐመር እረኛ። እሱም የማኅበሩን ከብት ይጠብቃል። ሰኔ ላይ ኤልያስን ቁርጥ የሚመስል ሽማግሌ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አየሁ ብሎ ሲምልልኝ ዋለ። የጋሼ ተሰማን መልክ ነው የምትነግረኝ፣ እሳቸው ደግሞ ቱርሚ ደርሰው እኔ ቤት ሳይገቡ አይመለሱም አልኩት። አይደለም እንዴ?

እኅትዎ አስቻለች


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

አስቻለች፣

ቅባቱ ደርሶኛል። ይሸታል እንጂ ይረዳል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ብሩ ከየት መጣ ብለሽ የጠየቅሽው ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ከአንድ ሊቀ መንበር አፍ ያልሰማሁት ነው። መልሱን ገጽ ሠላሳ ሦስት ላይ አገኘሁት። አምና ከአዲስ አክሲዮን ሽያጭ ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ብር ገብቷል። የትርፍ ድርሻ ተብሎ የወጣው ደግሞ ዘጠኝ መቶ ሺህ ነው። ከከብት ሽያጭ የተረፈ ብር ስላልነበረ፣ አዲስ ገቢዎቹ ያመጡት ነው ለእኛ ለነባሮቹ የተከፋፈለው። አንቺ አራት መቶ ሃያ ሺህሽን ስታስገቢ የሚቀጥለው ዓመት ድርሻ ከሱ ይከፈላል ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ሌብነት አይደለም፤ ጀማሪ ማኅበር እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ከብቶቹ በእርግጥ ካሉ ይሸጡና ብሩ ይመለሳል።

አሁን ሆቴልሽን ከነሱ ጋር ላስተያየው። አምና ሰባ አንድ ሺህ ብር ተርፎሻል። ከሽያጭ ዋጋው ጋር ሲታሰብ ከመቶ ዐሥራ ሰባት ይሆናል፤ ከነሱ ይበልጣል። ነገር ግን ደብተርሽ ላይ ለአስቻለች የተከፈለ ደመወዝ ፈልጌ አጣሁ። የነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ተጽፏል፣ የአንቺ አልተጻፈም። ለአንቺ ሥራ ሌላ ሰው ብትቀጥሪ በወር አንድ ሺህ ብር ትከፍያለሽ። ያንን ስቀንሰው ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ቀረ፣ ከመቶ ዐሥራ አራት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በነጻ ሠርተሻል።

ስለዚህ ምርጫሽ በዐሥራ አራትና በዐሥራ አምስት መካከል ነው፤ አንዱ እግርሽ አብጦ፣ ሌላው በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ። ከብቶቹ ካሉ ሽጪና ዕረፊ እልሻለሁ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ልብሽ እንዲያርፍ በቱርሚ ዙሪያ ያሉትን እረኞችና በየእጃቸው የተመዘገበውን ቁጥር ገልብጬ ልኬልሻለሁ። የምታምኛቸውን አንድ ሁለት ሰዎች ጠይቂ።

ኤርጎ ስለነገረሽ ጉዳይ በአካል ስንገናኝ እንጫወታለን።

ተሰማ


ቱርሚ፣ ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ጋሼ ተሰማ፣

ጤናዎን እንደምን ነዎት ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሆድ ብሶኛልና ቀጥታ ልግባ።

ኤርጎን በሰኞ ገበያ ያዝኩት። ዝርዝርዎ ላይ ኤርጎ፣ አርባ ስድስት ይላል። የሐመር ሰው ደግሞ የከብት ቁጥር ጠርቶ አይነግርም፣ ነውር ነው። ስለዚህ በሐመርኛዬ እያንዳንዱን በመልኩ ጥራልኝ አልኩት። እሱ ቡሬው፣ ዳለቻዋ፣ ጅራተ ቆራጣው እያለ ሲጠራ እኔ ባቄላ እያስቀመጥኩ ጨረስን። በረቱ ያሉት ሃያ ስምንት ባቄላ ሆኑ። የቀሩትስ ብለው ወዳጄ ቦሼ ጋ ናቸው አለኝ፤ እነሱንም ጠራልኝ፣ ዐሥራ ስምንት ናቸው። ከነሱ አንዷ ቀንዷ የጎበጠ ዳማ ላም ናት። ድርቅም በሽታም አንድ በረት ላይ ሲወርድ ሁሉም አብሮ እንዳያልቅ፣ ሐመሮች ከብታቸውን ከከብት ወዳጃቸው ጋር ይከፋፈላሉ። ይህን ቱርሚ የሚኖር ሕፃን ያውቃል።

ሐሙስ ቦሼ መጣ። ዝርዝርዎ ቦሼ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። እሱም በመልክ በመልካቸው ጠራልኝ፤ በትክክል ሠላሳ ዘጠኝ ባቄላ። ቀንዷ የጎበጠው ዳማ ላም ግን እዚያም ውስጥ አለች! የኤርጎ ዐሥራ ስምንቱ ሁሉ አሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ኤርጎ የተሰጠኝ አርባ ስድስት ነው ብሎ አስጻፈ፣ እውነቱን ነው። ቦሼ ደግሞ ከበረቴ አለ ብሎ አሳየ፣ እሱም እውነቱን ነው። ቆጣሪው ነው አንዱ ጋ በአፍ፣ ሌላው ጋ በዓይን የቆጠረው። ሁሉም ጆሮ ላይ ያው ቁጥር የሌለው የማኅበሩ ቢጫ ምልክት ስላለ አልለየውም።

ለምን የኤርጎን በረት ገብቶ አላየም ብዬ ቦሼን ጠየቅሁት። በረቱ ከመንገድ ራቅ ይላል። ቆጣሪው ከመኪና አልወረደም አለኝ። ጉልበቱን ዘርግቶ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ የነገሩትን ይጽፍ ነበር። የቦሼ ከብቶች መንገድ ዳር ስለነበሩ በመስኮቱ ፊት ተነድተው ተቆጠሩ። በየትኛው እጁ ነበር የሚጽፈው ብዬ ጠየቅሁት። በግራ አለኝ፤ እንደ እርስዎ።

ጋሼ፣ ባለፈው ደብዳቤዎ “ለእኛ ለነባሮቹ” ብለው ጽፈዋል። አንብቤ አልፌው ነበር። አሁን ግን በኤልያስ አጽም ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ቤቴ ከመንገዱ መቶ እርምጃ አይሞላም። በዚያ መኪና በደጄ አልፈው ሄዱ? የባለቤቴ ሰው ፊት ነሣኝ ብዬ ለማን ልናገር?

አስቻለች


ጂንካ፣ ጥር 21 ቀን 2004 ዓ.ም.

አስቻለች እኅቴ፣

እኔ ነኝ።

ሌላ የምለው ባይኖረኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አለብኝ። የጡረታ ገንዘቤ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ አልበቃ ሲለኝ፣ ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ያጠራቀምኳትን ሰማንያ ሺህ ብር ሰንበሌጥ ውስጥ አስገባሁ። አምና ሰኔ ላይ ደግሞ ከብቱን ቁጠርልን፣ አበል እንከፍላለን አሉኝ። ደስ አለኝ፤ እውነት እልሻለሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ለሥራ ሲፈልገኝ የመጀመሪያው ነበር። ስልሳ አንድ እረኛ በዘጠኝ ቀን። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ። ይህን ብናገር ሌላ ሰው ይልካሉ ብዬ ፈራሁ። መንገድ ዳር ያለውን በዓይኔ፣ ራቅ ያለውን በአፍ ጻፍኩ። ስለ ከብት ወዳጅ አላውቅም አልልሽም። ኤልያስ ስንት ጊዜ አጫውቶኛል! ቁጥር ስጽፍ ግን አላሰብኩትም፤ እኔ እንደ ቢሮ ዕቃ አንድ ወንበር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ያለ መስሎኝ ነው የጻፍኩት።

በደጅሽ ሳልፍ ሾፌሩ ውሃ እንጠጣ ብሎኝ ነበር። እለፍ አልኩት። ብገባ ደከመኝ ትዪኛለሽ፤ እኔም ከእጄ ላይ የምሰጥሽ አልነበረኝም፣ ሁሉንም አክሲዮን ውስጥ ከትቼዋለሁ። የወንድሜን ሚስት በባዶ እጄ ማየት አፈርኩ። ከነውሩ ነውር የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሪፖርቱን ላክሽልኝ፣ እኔም የገዛ ቆጠራዬን ደህና ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። በዚያች መስመር ላይ ልትሸጪው ነበር።

ካንቺ ደብዳቤ በኋላ የቆጠራ ደብተሬን አወጣሁ። በአፍ የጻፍኳቸው ጎን ትንሽ ነጥብ አድርጌ ነበር፤ የድሮ ልማድ ነው። ባለ ነጥቦቹን ስደምር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዐሥራ አራት ከብት ሆነ። እንደ ኤርጎ ከየአርባ ስድስቱ ዐሥራ ስምንቱ ሌላ ሰው በረት ውስጥ ዳግም ተቆጥረው እንደሆነ አላውቅም። ከሆኑ ግን ሰባት መቶ ዐሥር ከብት የለም ማለት ነው፤ አንዱ በአራት ሺህ ብር ስለተገመተ፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር ይጠፋል። ማኅበሩ አተረፈ የተባለው ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ነው። ያኔ አትራፊ አይደለም አስቻለች፣ ከሳሪ ነው። አትሽጪ። ወንድሙን ይቅርታ ብለሽ መልሺው።

ጠቅላላ ጉባኤው የካቲት 24 ነው። የቆጠራውን ስሕተት የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። የሚያሳፍረኝን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ብዙወርቅ የምትባል ጎረቤቴ፣ አስተማሪ ናት፣ አክሲዮኖችዎን ይሽጡልኝ ብላ ስትለምነኝ ከርማ ትናንት ሰማንያ ሺህ ብሩን ቆጥራ አምጥታለች። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። የዝውውሩን ወረቀት አልፈረምኩም። ብፈርም ማንም ምንም አይለኝም። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሌላ ብር የለኝም። ምን ትዪኛለሽ?

ተሰማ


ቱርሚ፣ የካቲት 5 ቀን 2004 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ተናድጄብዎታለሁ። ደግሞም አልቅሻለሁ፤ ለርስዎ ይሁን ለበረንዳዬ እንጃ።

ወንድሙ አልጠበቀኝም። ይቅርታ ልለው ሳልደርስ በዚያው ሳምንት ካኮ ላይ የራሱን ሊሠራ ቦታ ገዛ። አስሬ የነበረውን ዕቃ ፈትቼ ወደ ቦታው መልሻለሁ። ትልቁ ድስት ከካርቶን ሲወጣ እንደ ሰው “መጣሁ” ያለኝ መሰለኝ። ዛሬ ስምንት ሾፌር አለብኝ።

በባዶ እጄ ማየት አፈርኩ ያሉኝ አንጀቴን በላው። ጋሼ፣ እኔ እኮ ብር አልጠበቅሁም ነበር። ቢገቡ የእግር ውሃ አሙቄ ጉልበትዎን አሽልዎት ነበር፤ እርስዎም ስለ ኤልያስ ልጅነት ያጫውቱኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ስሙን የሚጠራልኝ ሰው የለም።

ምን ትዪኛለሽ ብለውኛል። እኔ ይፈርሙም አይፈርሙም አልልም፤ ብሩም የርስዎ፣ ስሙም የርስዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያቺ አስተማሪ አክሲዮኑን ለምንድን ነው የምትፈልገው? ምናልባት እሷም እንደኔ ደክሟት ይሆናል።

አስቻለች


ጂንካ፣ መጋቢት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአስቻለች፣

ጠየቅኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ቆማ አስተምራለች፣ ወገቧ አልቋል፣ ቀደም ብዬ ጡረታ ልውጣ ብላ ነው። ብሯን እዚያው መለስኩላት። ለምን ስትለኝ ጉባኤው ላይ ትሰሚያለሽ አልኳት፤ ተቀይማኝ ሄደች።

ጉባኤው እንዴት እንደነበር ሩፋኤል ይነግርሻል፣ ከተማው ሁሉ እያወራው ነው። እኔ መድገም አልችልም። ቆሜ ተናገርኩ፣ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አለኝ። አንዳንዱ እውነት ነበር። ብዙወርቅ ስንወጣ ክንዴን ደግፋ እስከ ቤቴ ሸኝታኛለች። አዲስ አክሲዮን መሸጥ ቆሟል። የኔን ሰማንያ ሺህ ዛሬ በነጻ ብሰጥ የሚቀበለኝ የለም። አሞኛል ልበልሽ? አላመመኝም፤ ደክሞኛል እንጂ። እንቅልፍ ግን ተመልሶልኛል።

ቆጠራው እንደገና ይደረጋል ተባለ። ማን ይሂድ ሲባል፣ ያለ አበል እኔ እሄዳለሁ አልኩ፤ ሁለት ወጣት ሒሳብ ሠራተኞች አብረውኝ ይላካሉ፣ እንዲቆጣጠሩኝ ነው። ይቆጣጠሩኝ። ኤርጎንና ቦሼን ንገሪልኝ፤ እያንዳንዷን በመልኳ እየጠሩ፣ አንቺ ባቄላውን ይዘሽ፣ እኔ በዓይኔ እያየሁ በየበረቱ ገብተን እንጨርሳለን። ለዚህ ሥራሽ ደግሞ ደመወዝ ጻፊ፤ ማኅበሩ እንዲከፍልሽ ጉባኤው ላይ አስወስኛለሁ።

ቅዳሜ በሩፋኤል አይሱዙ ነው የምመጣው። ቱርሚ ስንደርስ በመጀመሪያ ያንቺ በር ላይ እንቆማለን። ምንም እንዳትሠሪ፣ ዶሮ እንዳታርጂ፤ ሁለት ወንበር በር ላይ አውጪና ተቀምጠሽ ጠብቂኝ። እጄ ባዶ ነው፣ ጉልበቴም እንደ በፊቱ ነው።

በዚህ ጊዜ ግን ከመኪናው እወርዳለሁ።

ወንድምሽ ተሰማ